የቬራ ሜንቺክ አቻ

የዛሬው የታዋቂ ሰው ታሪካችን ስለ ቬራ ሜንቺክ ነው። እሷን የመረጥኳት በክፍሎች የቼዝ ውድድር አቻ ወጥቼ ስላለቀስኩ ነው። ያያችሁኝ ታውቃላችሁ።

ቬራ የተወለደችው በ1906 ሞስኮ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። አባቷ የቼክ ሰው፣ እናቷ እንግሊዛዊት ነበሩ። ቼዝ ያስተማራት አባቷ ነው፤ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ቤተሰቡ ወፍጮውን አጣ። በ1921 ከእናቷና ከእህቷ ከኦልጋ ጋር እንግሊዝ አገር ገባች። እንግሊዝኛ በደንብ አትችልም ነበር። ቼዝ ደግሞ ወሬ አይፈልግም፤ ስለዚህ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ የቼዝ ክለብ ገባች።

በ1927 የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ ተካሄደ። ቬራ 11 ጨዋታ ተጫውታ 10ሩን አሸነፈች፤ አንዱን አቻ ወጣች። አቻ ግማሽ ነጥብ ስለሆነ በ10 ነጥብ ተኩል ሻምፒዮን ሆነች። ያን ቀን ማታ በዚያች ግማሽ ነጥብ ተናዳ ይሆን? እኔ ብሆን እናደድ ነበር። የእኔማ ይባስ! ንግሥቴ በእጄ እያለች፣ ልጁ ንጉሡ ብቻ ቀርቶት፣ ቼክ ሳልለው መሄጃ አሳጣሁት። አቻ ተባለ።

በ1929 ካርልስባድ በሚባል ቦታ ከ21 ወንዶች ጋር ብቻዋን ሴት ሆና ተወዳደረች። አልበርት ቤከር የሚባል ተጫዋች በእሷ የተሸነፈ ሁሉ የቬራ ሜንቺክ ክለብ አባል ይሁን ብሎ ቀለደ። ከዚያ ራሱ ተሸነፈላት! እውነቱን ለመናገር ቬራ በዚያ ውድድር መጨረሻ ነው የወጣችው። ግን በ1935 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ማክስ ኡዌ እንኳን ሁለት ጊዜ ተሸንፎላታል።

በሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ቱርናመንቶች በጠቅላላው 83 ጨዋታ ተጫውታ 78 አሸነፈች፣ 4 አቻ ወጣች፣ 1 ብቻ ተሸነፈች። ማንም ሻምፒዮንነቷን አልነጠቃትም። በ1944 ሰኔ ወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን የሚገኘው ቤታቸው ላይ የጀርመን ቦምብ ወደቀ። ቬራ፣ ኦልጋና እናታቸው አብረው ሞቱ። ዕድሜዋ 38 ነበር። ዋንጫዎቿም አብረው ጠፉ።

አራት አቻ አላት። እኔ ገና አንድ ነው። ያ ልጅ ዓርብ በምሳ ሰዓት ድጋሚ እንጫወት ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ።