ዋንጫውን ያየንበት ሰው

ቤተሰቦች፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አንዴ ብቻ ነው፤ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስናሸንፍ አሰልጣኛችን ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ በ1914 ጅማ ተወለዱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ለዓመታት ተጫውተዋል። በ1949 ካፍን ከመሠረቱት አንዱም እሳቸው ናቸው። ያኔ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ጋሽ ይድነቃቸውም ከአፓርታይድ ስፖርት ጋር እስከ መጨረሻው አልታረቁም። ከ1964 ጀምሮ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተው፣ ሥልጣን ላይ እያሉ ነሐሴ 1979 አረፉ።

ዋንጫው ከ1954 ወዲህ አልተመለሰም። ልጆቻችን የአውሮፓን አሰልጣኞች ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ የእሳቸውንስ? እስቲ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ካላወቁ ንገሯቸው።