አጥንቱ ተሰባሪ የነበረው ሠዓሊ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1864 በአልቢ ከተማ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። እናቱና አባቱ የእህትማማች ልጆች ነበሩ። በ13 ዓመቱ አንደኛው ጭኑ፣ በ14 ዓመቱ ሌላኛው ተሰበረ። ስብራቱ ቢድንም እግሮቹ ማደግ አቆሙ፤ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ አላለፈ።

በዘመኑ ምክንያቱ አልታወቀም። ፒክኖዲሶስቶሲስ የተባለው፣ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ አጥንትን ጠጣር ግን ተሰባሪ የሚያደርገው ሕመም የተለየው በ1962 ነው። ብዙ ሐኪሞች የእሱም ሕመም ይኸው እንደነበር ይገምታሉ።

ሎትሬክ ኑሮውን ከአካሉ ጋር አስማማ። ፈረስ መጋለብና አደን ሲቀርበት፣ አልጋ ላይ ሆኖ መሳልን ያዘ። በፓሪስ፣ በሞንማርትር ሰፈር፣ በምርኩዝ እየሄደ ሠራ። በ1891 ለሙላን ሩዥ ጭፈራ ቤት ያዘጋጀው ማስታወቂያ ዝነኛ አደረገው። በሃያ ዓመት ገደማ ከ700 በላይ የቀለም ቅብ ሥዕሎች ሠራ።

ነገር ግን መጠጥ አበዛ። በ1899 ሕክምና ተቋም ገባ፤ በ1901፣ ገና በ36 ዓመቱ፣ በእናቱ ቤት አረፈ። እናቱ ሥራዎቹን ለትውልድ ከተማው ሰጠች፤ ሙዚየሙም በ1922 ተከፈተ።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ሳሰላው፣ አጥንቱ ቁመቱን ቢቀንስበትም ሥራውን አልቀነሰበትም፤ ዕድሜውን ያሳጠረው መጠጡ ነው። በመካከላችን እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት እህት ብትኖር፣ የምትችለውን ሥራ እንስጣት፤ ከጭንቀቷም ጋር ብቻዋን አንተዋት።