ዳንኤል በርኑሊ፦ ከደም ሥር ግፊት እስከ ተሽከርካሪ የነፋስ ኃይል

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚጓዝ ሚኒባስ ላይ አየር የሚያሳድረውን ኃይል ለማስላት የሚያገለግለው መርሕ የተገኘው በሞተር የሚሠራ ተሽከርካሪ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ ነው። መነሻውም የደም ግፊት ጥያቄ ነበር። የመርሑ ባለቤት ዳንኤል በርኑሊ (1700–1782 እ.ኤ.አ.) ነው።

በርኑሊ በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ተወልዶ በስዊዘርላንድ ባዝል አደገ። ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ የነበረው አባቱ ዮሐን ወደ ንግድ ሙያ ቢገፋፋውም፣ ልጁ ሕክምና አጥንቶ በ1721 ስለ አተነፋፈስ በጻፈው ጥናት ዶክትሬቱን አገኘ። በ1725 ከወንድሙ ከኒኮላውስ ጋር ወደ ሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ሄደ፤ ወንድሙ ግን በዓመቱ ሞተ።

የሚፈስ ደም የደም ሥርን ግድግዳ ምን ያህል ይገፋል የሚለውን ለመመለስ በርኑሊ የቧንቧን ግድግዳ በስቶ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ተከለ። በቱቦው ውስጥ የሚወጣው የውኃ ከፍታ ግፊቱን አመለከተ፤ ፍሰቱ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። ይህን የያዘው «ሃይድሮዳይናሚካ» በ1738 ታተመ።

ስኬቱ ግን ቤተሰባዊ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1734 የፓሪስ አካዳሚ ሽልማትን ለአባትና ለልጅ እኩል ሲሰጥ፣ አባትየው ተቆጥቶ ልጁን ከቤቱ አባረረ። በኋላም «ሃይድሮሊካ» የተሰኘ መጽሐፉን ከልጁ ሥራ የቀደመ ለማስመሰል የ1732 ዘመን ሰጥቶ አሳተመ።

በዛሬው የተሽከርካሪ ጥናት በመኪናው አካል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበጅተው በየቦታው ያለው ግፊት ይለካል፤ ግፊቱ በስፋት ተባዝቶ አቅጣጫው ታስቦ ሲደመር ኃይሉ ይገኛል። ፊት ለፊት አየሩ ስለሚቆም ግፊቱ ይጨምራል፤ በጣሪያው ላይ ስለሚፈጥን ይቀንሳል። የፊተኛው ጭማሪ የአየር እፍጋት ግማሽ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ በመሆኗ፣ ነፋስ በሌለበት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሚኒባስ ጭማሪው ወደ 240 ፓስካል ይሆናል፤ በባሕር ጠለል ግን 300 ይደርስ ነበር።

ስሌቱ ወሰን አለው። ዣን ለ ሮን ዳላምቤር በ1752 እንዳሳየው፣ ሰበቃ የሌለው ፍሰት በተጓዥ አካል ላይ ምንም መጎተት አያስከትልም። በእውነተኛው ሚኒባስ ጀርባ ግን አየሩ ከአካሉ ተነጥሎ ስለሚታወክ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ መጎተቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስለዚህ የበርኑሊ ቀመር ብቻውን በማይበቃበት ስፍራ፣ ግድግዳን በስቶ ግፊትን የመለካት ዘዴው ዛሬም ያገለግላል።