የእግዜር እንግዳ

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በጥር ወር 1802 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበረ። ክራፕፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ መማርን እጅግ ይወድ ነበር። ባደገም ጊዜ የወንጌል መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1831 ዓ.ም. ሸዋ ገባ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በአንኮበር ተቀበሉት። በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ጥቂት ልጆችን አስተማረ፥ የግዕዝ መጻሕፍትንም ሰበሰበ።

በመጋቢት ወር 1834 ዓ.ም. በጎንደር አድርጎ ወደ ግብፅ ለመሄድ ተነሣ። መንገዱም በመንዝና በግሼ ደጋ የሚያልፍ ነበረ። በሰላ ድንጋይ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በደግ ፊት ተቀበሉት። ያን ጊዜ ክራፕፍ የንጉሥ ወዳጅ ነበረ፤ ገንዘብ ነበረው፥ አሽከሮችም ይከተሉት ነበር። እንዲህ ያለውን እንግዳ መቀበል ለማንም አይከብድም።

ከግሼ አልፎ ወደ ወሎ ገባ። አዳራ ቢሌ የሚባል ሹም መጀመሪያ በመልካም አስተናገደው። ክራፕፍ ግን ጥቂት እንደ ሄደ፥ በፊቱ ያለውን መንገድ ጦርነት እንደ ዘጋው ሰምቶ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አዳራ ቢሌ ያዘው፤ ገንዘቡንና ዕቃውንም ቀማው። አብልቶ ያሳደረው እጅ ያው የዘረፈው እጅ ሆነ።

ክራፕፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማኝ ሆነ። የሰው እጅ እያየ፥ እህል እየለመነ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ቁራሽ የሰጡት ሰዎች ማንነቱን አያውቁም ነበር፤ እርሱም የሚከፍላቸው አንዳች አልነበረውም። በእነርሱም ቸርነት ሕይወቱ ተርፋ በሚያዝያ ወር ምጽዋ ደረሰ።

ኋላም በሞምባሳ ኖረ። በ1836 ዓ.ም. ሚስቱና ሕፃን ልጁ በዚያ ሞቱበት፤ እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። በሸመገለም ጊዜ በአገሩ ተቀምጦ፥ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ወደ አማርኛ የተረጐመውን መጽሐፍ ቅዱስ እያረመ እንደ ገና አሳተመ። በኅዳር ወር 1874 ዓ.ም. ሞተ።

ለዚያ ለማኝ ቁራሽ የሰጠ ሰው፥ ብዙ ሕዝብ የሚያነበውን መጽሐፍ የሚያርመውን ሰው እንዳበላ አላወቀም። ያወቀው መራቡን ብቻ ነው፤ ይህም በቅቶት ሰጠው።

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፥ መሽቶበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ይባላል። ይህን ስም ያወጡ አባቶች የእንግዳውን ዘርና ሀብት አልመረመሩም። ልጆች ሆይ፥ መንገደኛ ከደጃችሁ ቢቆም ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ውኃና እንጀራም አቅርቡለት። ስሙን ከበላ በኋላ ጠይቁት።