አይዳ ዌልስ፦ ቁጣዋን ወደ መዝገብ የለወጠች ጋዜጠኛ

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል አነስተኛ ከተማ ጄምስ ዌልስ የሚባል አንድ ጥቁር አናጢ ይኖር ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላም ቀድሞ ከሚያውቀው አሠሪ ዘንድ በደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጥቁሮች ድምፅ የመስጠት መብት ባገኙ ጊዜ አሠሪው እርሱ ለሚደግፈው ፓርቲ እንዲመርጥ ቢያዘው አናጢው እምቢ አለ። መርጦ ሲመለስም የሥራ ቤቱ በቁልፍ ተዘግቶ ጠበቀው። ጄምስ ዌልስ በሩን አልሰበረም፤ ከማንም ጋር ክርክር አልገጠመም። ወደ ከተማ ወርዶ አዲስ የአናጢ መሣሪያ ገዛ፤ ሌላ ቤት ተከራይቶም የራሱን ሥራ ጀመረ።

የዚህ ሰው የበኩር ልጅ አይዳ ቢ. ዌልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 16 ቀን 1862 ተወለደች። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ የወጣው በጃንዋሪ 1863 ስለ ሆነ አይዳ ወደዚህ ዓለም የመጣችው እንደ ወላጆቿ ሁሉ በባርነት ሥር ነው። የልጅነት ዘመኗ ግን ጥቁሮች ትምህርት ቤት የሚከፍቱበት፣ የሚመርጡበትና የሚመረጡበት አጭር የተስፋ ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ አልቆ ነጮቹ የተወሰደብንን ሥልጣን እናስመልሳለን ብለው ሲነሡ እርሷ ገና ለአካለ መጠን አልደረሰችም።

በ1878 በአካባቢው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ገባ። አይዳ በዚያን ጊዜ ወደ አያቷ ቤት ሄዳ ነበር። አባቷና እናቷ አንድ ቀን እንኳ ሳይራራቁ ሞቱ፤ ሕፃን ወንድሟም ተከተላቸው። የሰው ማመላለሻ ባቡር ተቋርጦ ስለ ነበር የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ በዕቃ ባቡር ተሳፍራ ወደ ቤቷ ገሠገሠች። የተሳፈረችበት ፉርጎ በበሽታው ለሞቱ ሁለት የባቡር ሠራተኞች ሐዘን ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ነበር። የአባቷ ወዳጆች ተሰብስበው ልጆቹን በየቤቱ ለማከፋፈል ሲመክሩ አገኘቻቸው። አካለ ስንኩል የሆነችውን እኅቷን የሚወስድ ስላልተገኘ ወደ ድኾች መጦሪያ እንድትላክ ታስቦ ነበር። አይዳ ይህን ከቶ አልቀበልም አለች። ለመምህርነት ተፈትና አለፈች፤ ትልቅ ሴት ለመምሰልም ቀሚሷን አስረዘመች። በወር 25 ዶላር እየተከፈላት ከከተማው ስድስት ማይል ርቆ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምር ጀመር። ዓርብ ማታ በበቅሎ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቅዳሜና እሑድ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ለታናናሾቿ የሳምንቱን ምግብ ትሠራለች፤ እሑድ ሲመሽ ደግሞ በቅሎዋን ጭና ትሄዳለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቴኔሲ ግዛት ወደ ሜምፊስ ከተማ ተዛወረች። ማስተማሯንም ቀጠለች። በዚያ ሳለች አንድ ቀን የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጣ በሴቶች ፉርጎ ውስጥ እንደ ተቀመጠች የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሲጋራ ወደሚጨስበት ፉርጎ እንድትዛወር አዘዛት። አልሄድም ብትለው ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ እርሷም እጁን ነከሰችው። ሦስት ሰዎች ተጋግዘው ሲያስወጧት ተሳፋሪዎቹ ነጮች በጭብጨባ አጀቧቸው። ንክሻው የቅጽበት ቁጣ ነው፤ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ጠበቃ ቀጥራ የባቡሩን ኩባንያ መክሰሷ ግን የሌላ ዓይነት ቁጣ ሥራ ነበር። በ1884 መጨረሻ የታችኛው ፍርድ ቤት 500 ዶላር ካሣ ፈረደላት። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በ1887 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ይባስ ብሎም የክርክሩን ወጪ እንድትከፍል አዘዘ። ወጣቷ መምህርት በሕግ ላይ የነበራት እምነት በዚያን ቀን ክፉኛ ተናጋ።

በዚህ መካከል አይዮላ በሚል የብዕር ስም ለጥቁሮች ጋዜጦች መጻፍ ጀምራ ነበር። በ1889 በሜምፊስ የሚታተመው የፍሪ ስፒች ጋዜጣ ባለ ድርሻና አዘጋጅ ሆነች። በ1891 የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ያሉበትን የተጎሳቆለ ሁኔታ በመጻፏ ከመምህርነት ተባረረች፤ ከዚያም ሙሉ ጊዜዋን ለጋዜጣው ሰጠች። ስለ ጋዜጣው የሚነገር አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ጋዜጣዋን ሲጠይቁ አታላይ ሻጮች ሌላ ጋዜጣ ያስታቅፏቸው ነበር። አይዳ ይህን በሰማች ጊዜ ጋዜጣው በሮዝ ቀለም ወረቀት እንዲታተም አደረገች፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ቀለሙን አይቶ ይለይ ጀመር። ይህ ነገር ማንበብ የማይችል ሰው ጋዜጣ ምን ያደርግለታል ለሚሉ ሰዎች መልስ ይሆናል፤ የሚያነብለት ልጅ በየቤቱ አይታጣምና።

ሕይወቷን ለሁለት የከፈለው ዓመት 1892 ነው። ቶማስ ሞስ የሚባል ፖስተኛ የልብ ወዳጇ ነበር፤ ለሴት ልጁም ክርስትና እናቷ እርሷ ነበረች። ሞስ ከጓደኞቹ ጋር በከተማው ዳርቻ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ከፈተ። በአቅራቢያው የነበረው ነጭ ነጋዴ ገበያው ስለ ቀነሰበት ቂም ያዘ። ብይ ሲጫወቱ በተጣሉ ልጆች የተጀመረ አምባጓሮ ወደ አዋቂዎች ተዛመተ፤ አንድ ሌሊት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወደ መደብሩ ሲመጡ ተኩስ ተከፍቶ ሦስት ነጮች ቆሰሉ። ሞስና ሁለት ባልደረቦቹ ካልቪን ማክዳውልና ዊል ስቱዋርት ታሰሩ። ማርች 9 ቀን ከሌሊቱ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ሦስቱንም ከእስር ቤት አውጥተው ከከተማው ውጭ በጥይት ደብድበው ገደሏቸው። ለፍርድ የቀረበ ሰው አልነበረም። መደብሩ ተዘረፈ፤ የተረፈውም ዕቃ ያ ተፎካካሪ ነጋዴ በርካሽ ገዛው።

አይዳ በዚያን ጊዜ በሌላ ከተማ ነበረች፤ ስትመለስ ወዳጇ ተቀብሮ ደረሰች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሽጉጥ መግዛት ነበር። ሊገድላት የሚመጣ ካለ ብቻዋን ላለመሞት ቆርጣ ነበር። ሥራውን የሠራው ግን ብዕሯ ነው። ሞስ ከመሞቱ በፊት ወገኖቹ ወደ ምዕራብ እንዲሰደዱ መክሯል ተብሎ በጋዜጦች ተጽፎ ስለ ነበር አይዳም ይህንኑ በጋዜጣዋ አስተጋባች፤ ሕይወትንና ንብረትን ከማያስከብር ከተማ መውጣት ይሻላል ስትል ጻፈች። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ኦክላሆማ ተጓዙ። የነጮቹ ጋዜጦች በኦክላሆማ ረኀብ አለ እያሉ ሲያስፈራሩ እርሷ ራሷ ሄዳ አገሩን አይታ ያየችውን ጻፈች። የቀሩትም በትራም መሳፈር አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የትራም ኩባንያው ኃላፊዎች ወደ ጋዜጣው ቢሮ መጥተው ሕዝቡን እንድትመልስላቸው ለመኗት። እርሷ ግን ልመናቸውን በሚቀጥለው እትም አወጣችው፤ አንባቢዎቿም በእግር መሄዳቸውን እንዲቀጥሉ አደፋፈረች።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራዋ ግን ገና መጀመሩ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ አይዳ ራሷ፣ እንደ ብዙ ሰዎች፣ ያለ ፍርድ የሚገደሉት ጥቁሮች ሴት የደፈሩ ወንጀለኞች ናቸው የሚለውን ወሬ በከፊል ታምን ነበር። ሞስን ግን ታውቀዋለች፤ የሞስ ወንጀል በንግድ መወዳደሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሌሎቹስ ምን ነበር ብላ መመርመር ጀመረች። ግድያ ወደ ተፈጸመባቸው ስፍራዎች እየሄደች ምስክሮችን ጠየቀች፤ የጋዜጣ ዘገባዎችን አሰባሰበች። በሜይ 1892 የደረሰችበትን ሐቅ በአጭር ርእሰ አንቀጽ ጻፈች፤ ብዙዎቹ የመድፈር ክሶች በእርግጥ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ የተደረጉ ግንኙነቶች መሆናቸውን አመለከተች። የሜምፊስ ነጮች ቢሮዋን ወርረው የማተሚያ መሣሪያዎቿን ሰባበሩ፤ ብትመለስ እንደምትገደልም ተነገራት። ለጉዞ ወጥታ ስለ ነበር ነፍሷ ተረፈ፤ ሜምፊስ ግን ከእንግዲህ አገሯ መሆኑ አበቃ።

ሀብቷ በአንድ ሌሊት የጠፋባት የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ምን ማድረግ ትችላለች? አይዳ ኒው ዮርክ ገብታ የቀራትን የደንበኞች ስም ዝርዝር ኤጅ በሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ድርሻ ለወጠችና የምርመራዋን ውጤት በሰባት ዓምዶች አወጣች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኒው ዮርክና የብሩክሊን ጥቁር ሴቶች ስብሰባ ጠርተው ገንዘብ አዋጡላት። በመድረኩ ላይ የጓደኞቿን ሞት ስታነብ እንባዋ ወረደ፤ ድምፅዋ ግን አልተቋረጠም። እርሷ በዚህ እንባ አፈረች፤ ታዳሚዎቹን ግን ከንግግሩ ይልቅ የነካቸው እንባው ነበር። በተዋጣው ገንዘብ የመጀመሪያውን መጽሐፏን አሳተመች፤ በ1895 ደግሞ ቀዩ መዝገብ የተሰኘውን ሰፋ ያለ ሥራዋን አወጣች።

የእነዚህ መጻሕፍት ኃይል በስድብ ላይ አልተመሠረተም። አይዳ የተጠቀመችባቸው አኀዞች ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው የነጮች ጋዜጣ በየዓመቱ ያወጣቸው የነበሩ ናቸው። ጥቁሮች አጋነኑ የሚል ተቺ እንዳይነሣ ምስክሮቿን ከተከሳሹ ቤት ጠራች ማለት ነው። ከ1892 በፊት በነበሩት ስምንት ዓመታት ውስጥ 728 ጥቁሮች ያለ ፍርድ ተገድለዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ በመድፈር የተከሰሱት፣ ያውም ክስ ብቻ እንጂ ማስረጃ ሳይቀርብ፣ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበሩ። በ1892 ብቻ ከተገደሉት 241 ሰዎች 160ዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ስም፣ ቀን፣ ስፍራ፣ የተባለው ጥፋት፤ ገጽ ከገጽ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ጥርሷን ነክሳ እንደ ጻፈችው ይታወቃል፤ በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ግን ጩኸት የለም።

በ1893ና በ1894 ወደ ብሪታንያ ተሻግራ በየከተማው ንግግር አደረገች። የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥጥ ትልቁ ገዢ የእንግሊዝ ፋብሪካ ስለ ነበር የሜምፊስ ነጋዴዎች ስማቸው በእንግሊዝ ጋዜጦች ሲነሣ ደነገጡ። አስቀድመው እርሷን ማጥላላት ሞከሩ። በ1894 ግን በከተማው አቅራቢያ ስድስት ጥቁሮች ያለ ፍርድ ሲገደሉ ከሁለት ዓመት በፊት ዝም ያሉት ነጋዴዎችና ጋዜጦች ድርጊቱን በይፋ አወገዙ። ከጸጸት ይሁን ከጥጡ ዋጋ አንባቢ ይፍረድ።

በ1895 የቺካጎውን ጠበቃ ፈርዲናንድ ባርኔትን አግብታ አራት ልጆች ወለደች፤ የመጀመሪያ ልጇን ጡት እያጠባች ለንግግር ትዞር ነበር። በ1909 በኢሊኖይ ግዛት፣ ስሟን ከግብፅ ዋና ከተማ በወሰደች ካይሮ በምትባል ከተማ፣ አንድ ጥቁር እስረኛ ከፖሊስ ሹሙ እጅ ተነጥቆ በመንጋ ተገደለ። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ሹሙ ከሥልጣኑ ተነሣ፤ ነገር ግን እንዲመለስ ለአገረ ገዢው አመለከተ። የከተማው ጥቁሮች ብዙዎቹ ሳይቀሩ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። ባለቤቷ እንድትሄድ ቢጠይቃት አይዳ አመነታች፤ ሁልጊዜ ከፊት ትቀድማለች የሚለው ሐሜት ሰልችቷት ነበር። በመጨረሻ የበኩር ልጇ ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ካልሄደች ማን ሊሄድ እንደሚችል ጠየቃት። በማግስቱ ተሳፈረች። ካይሮ ደርሳ እማኞችን አነጋገረች፤ ድጋፍ የሰጡትን ሰዎች ሐሳባቸውን አስለወጠች፤ ከጠበቆች ፊት ቆማ ተከራከረች። አገረ ገዢው ቻርልስ ዲኒን ሹመቱን እንደማይመልስ ወሰነ።

አይዳ ዌልስ ለጓደኞቿ ቀላል ሰው አልነበረችም። በዚያው በ1909 የጥቁሮች መብት ታጋዮች ትልቁን ብሔራዊ ማኅበራቸውን ለማቋቋም ሲሰበሰቡ ስሟ ከአመራር ዝርዝር ቀረ፤ በቁጣ ከስብሰባው ወጣች። በኋላ ስሟ ቢጨመርም ከማኅበሩ ጋር የነበራት ግንኙነት አልተስተካከለም፤ በዚያች ሰዓት ትታ መውጣቷም ዘግይቶ ቆጭቷታል። በ1913 በዋሽንግተን በተደረገው የሴቶች የምርጫ መብት ሰልፍ ላይ ጥቁር ሴቶች ከኋላ እንዲሄዱ ሲታዘዝ ግን ትእዛዙን አልተቀበለችም፤ ሰልፉ ከተጀመረ በኋላ ከተመልካቹ መካከል ወጥታ ከኢሊኖይ ሴቶች ጎን ተሰለፈች።

ማርች 25 ቀን 1931 በቺካጎ ሞተች። የሕይወት ታሪኳን እየጻፈች ስለ ነበር የመጨረሻው ገጽ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቋርጧል፤ ልጇ አልፍሬዳ አዘጋጅታ በ1970 አሳተመችው። በ2020 ለምርመራ ጋዜጠኝነቷ የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ተሰጣት። ያለ ፍርድ በመንጋ መግደልን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርገው ሕግ በአሜሪካ የጸደቀው በማርች 2022 ነው፤ ቶማስ ሞስ ከተገደለ ልክ 130 ዓመት ሆኖት ነበር።