የወፎችን ጎጆ የተከተለው ሰው

ከአርሲ ነገሌ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትጓዙ የሻላን ሐይቅ ታገኛላችሁ። በዚህ ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በአንዲቱ ላይ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ይፈለፈሉ ነበር። በሻላ ውኃ ውስጥ ግን ለእነዚህ ትልልቅ ወፎች የሚበቃ ዓሣ የለም። ታዲያ ምግብ በሌለበት ስፍራ ስለ ምን ጎጆ ሠሩ? ይህን ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሌስሊ ብራውን ነው።

ብራውን በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በህንድ አገር ተወለደ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በናይጄሪያ፣ ከ1946 ጀምሮም በኬንያ በእርሻ ባለሙያነት አገለገለ። እንጀራው እርሻ ይሁን እንጂ ልቡ ከወፎች ጋር ነበር።

በ1954 ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፣ በናትሮን ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎዎች ጎጆ መሥራታቸውን ከአውሮፕላን አየ። ቀርቦ ለመመልከት በእግሩ ሲጓዝ ሶዳ በተሞላው ጭቃ ውስጥ ተያዘ። እግሮቹ ክፉኛ ተቃጥለው ለሳምንታት በሆስፒታል ተኛ። ወፎቹን ከአውሬ የሚጠብቃቸው ያው ጭቃ መሆኑን በገዛ ሥጋው ተረዳ። በ1962 ግን ናትሮን በጎርፍ ስለ ተጥለቀለቀ ፍላሚንጎዎቹ በኬንያ ወደሚገኘው ወደ ማጋዲ ሐይቅ ሄዱ። በዚያም ሶዳው በጫጩቶቹ እግር ላይ እንደ አምባር ስለ ደረቀ ብዙዎቹ መራመድ ተስኗቸው ሞቱ። ሰዎች ሶዳውን እየሰበሩ በሺህ የሚቆጠሩትን አዳኑ።

ብራውን በ1960ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የደጋ አጋዘንን አጠና። ከኤሚል ኧርባንም ጋር የሻላን ፔሊካኖች መርምሮ የጥናቱ ውጤት በ1969 ታተመ። ደሴቲቱ አውሬ ስለማይደርስባት ለእንቁላልና ለጫጩት ደኅና ናት። ምግቡ ግን ከተራራው ማዶ በአቢያታ ሐይቅ ነበር። ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ ሲነሣ ወላጆቹ ክንፋቸውን ዘርግተው በእርሱ ላይ ከፍ ይላሉ፤ ተራራውንም ተሻግረው ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። እንግዲህ የጫጩቱ ሕይወት በደሴቲቱ፣ በአየሩና በሌላው ሐይቅ ዓሣ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበር አስተውሉ።

ብራውን በ1980 ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ወደ አቢያታ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ በመዋሉ፣ ከሐይቁም ለሶዳ ማምረቻ ውኃ በመቀዳቱ ሐይቁ እየሸሸ ሄደ። ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። የጎደለባቸው የጎጆ ስፍራ ሳይሆን የጫጩቶቻቸው ጉርስ ነው።

ስለዚህ አንድን ወፍ ለመጠበቅ ስታስቡ ጎጆው ያለበትን ዛፍ ወይም ደሴት ብቻ አትመልከቱ፤ ምግቡን ከወዴት እንደሚያመጣም ጠይቁ።