ገርማሜ ንዋይ፦ በጭሰኛውና በባለመሬቱ መካከል የቆመው ገዥ

በወረዳ ወይም በከተማ አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ሆኖ መሥራት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አቤቱታ ይቀበላል፣ ሁለቱን ወገኖች ይጠራል፣ ያስማማል፣ እምቢ ካሉም ጉዳዩን ወደሚመለከተው አካል ይመራል። ችግሩ የሚመጣው አሠሪው የአካባቢው ትልቅ ሰው፣ ከሳሹ ደግሞ በቃል ብቻ የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ የሆነ ዕለት ነው። ለመስቀል እምድብር በገባሁ ቁጥር እንዲህ ያለ ወሬ አላጣም። ለደካማው የቆመ ባለሙያ ምን ይገጥመዋል? በምንስ ይደገፋል? ጥያቄው ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝ ከስድሳ ዓመታት በፊት ያለፈውን ገርማሜ ንዋይን ነው።

ብዙዎቻችን ገርማሜን የምናውቀው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። ሕግ ለተማረ ሰው ግን ከዚያ በፊት የነበሩት የአውራጃ ገዥነት ዓመታቱ የበለጠ ያስተምራሉ።

ገርማሜ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት የብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ታናሽ ወንድም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ሲሆን፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠርቷል። የመመረቂያ ጽሑፉ በኬንያ ስለነበረው የነጭ ሰፋሪዎች ፖሊሲ ነበር። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ በገዛ አገሩ እንዴት የሌላ ሰው ጉልበት ሠራተኛ እንደሚሆን ያጠና ሰው፣ አገሩ ሲመለስ ጭሰኛን በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

ከተመለሰ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያ ዘመን የደቡብ ገበሬ አብዛኛው ጭሰኛ ነበር። የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለባለመሬቱ ይሰጣል፤ ባለመሬቱ በቃኸኝ ካለው ደግሞ ይነሳል። የእኛ የጉራጌ ሰውም ቢሆን የግብር ገንዘብ ፍለጋ እንሰቱን ለሚስቱና ለልጆቹ ትቶ አዲስ አበባ እየሄደ በኩሊነት የሠራው ከዚሁ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ነው።

ገርማሜ መንገድና ድልድይ አሠራ፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ጣረ። ከዚያም አልፎ ጦሙን ያደረ መሬት መሬት ለሌላቸው ማከፋፈል ጀመረ። ባለመሬቶቹ አቤቱታቸውን ይዘው ቤተ መንግሥት ደረሱ። ገዥው ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ከአውራጃውም ተነሳ።

እዚህ ላይ ሕጉን እንመልከት። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዜጎች በመረጡት ሥራ ለመሰማራትና ለዚሁም ሲሉ ለመደራጀት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ገርማሜ ወላይታ ላይ ሲሠራ ጭሰኛን ከባለመሬት የሚያስታርቅበት የረባ ሕግም፣ የሚደግፈው ተቋምም አልነበረውም። የነበረው ሹመቱና ሕሊናው ብቻ ነው። ሹመት ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ይነሳል።

ቀጥሎ የተላከው ጅጅጋ ነው። እዚያም ለአርብቶ አደሩ ሕዝብ የውኃ ጉድጓድና ክሊኒክ እንዲኖር ደከመ፤ ነገር ግን በቂ ገንዘብ አላገኘም። በሕጋዊው መንገድ የትም እንደማይደርስ የቆረጠው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተባባሪዎቻቸው ጋር አዲስ አበባን ያዙ። በአልጋ ወራሹ ድምፅ የተነበበው መግለጫም ድህነትንና ኋላ ቀርነትን የሚያስወግድ አስተዳደር ተስፋ ሰጠ። ጦር ሠራዊቱ ግን ከዙፋኑ ጋር ቆመ። ሙከራው ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከነበሩት ታላላቅ ባለሥልጣናት አሥራ አምስቱ በጥይት ተገደሉ። ታኅሣሥ 15 ቀን ገርማሜ ሞጆ አካባቢ ሞተ፤ አስከሬኑም አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ቆስለው የተያዙት ወንድሙ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

አንዳንዶች ገርማሜን እንደ ሰማዕት፣ ሌሎች እንደ ነፍሰ ገዳይ ያዩታል። እኔ የወላይታው ገዥ ትክክል ነበር፣ የአረንጓዴው ሳሎን ሰው ግን አልነበረም ከሚሉት ወገን ነኝ። ያለ ፍርድ የታሰረን ሰው መረሸን በየትኛውም ዓላማ አይጸድቅም። ይሁን እንጂ አቤት የሚባልበት ደጅ ሁሉ ሲዘጋ ቅን ሹም ወዴት ሊሄድ እንደሚችልም ታሪኩ ያስጠነቅቃል።

ሙከራው ከከሸፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ ሆኑ፣ ክርክር የሚሰማ ቦርድም ተቋቋመ። ጭሰኛው ግን ተቀጣሪ ስላልሆነ የዚህ ሕግ ጥላ አልደረሰበትም። እርሱ የጠበቀው እስከ የካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ነው።

የዛሬው ባለሙያ ገርማሜ ያጣው ነገር አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ እንደሚችል፣ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ባያደርግም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስለዚህ የእምድብሩ የቀን ሠራተኛ ወረቀት የለህም ተብሎ ከቢሮ በር መመለስ የለበትም።

የጎደለን ባለሙያውን ከዝውውር ደብዳቤ የሚጠብቅ ልማድ ነው። ሕግ ያስከበረ ሠራተኛ ትልቅ ሰው ስላስቀየመ ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ አዋጁ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ እኛም ከወላይታው ገዥ ዘመን ብዙ አልራቅንም ማለት ነው።